መጀመሪያ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ይታዘዝ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

   ዛሬ እርሳስና ደብተር አጠገባችሁ ብታደርጉ መልካም ነው። ልጆች ካሉም ጥሯቸው። የዛሬው ትምህርት የእጅ ሥራ ስለሆነ ለትልቁም ለትንሹም ድርሻ አለው።

ርዕሳችን በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን ነው። የምናወራው ተገጣጥሞ በካርቶን ስለሚሸጠው አይደለም። ክንፉን ራሳችን ቆርጠን፣ ጭራውን ራሳችን ለጥፈን፣ ሚዛኑን በጣቶቻችን ፈትሸን ስለምንሠራው ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን አየር ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? ሞተሩ ነው? ሪሞቱ ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

(ፋታ)

መልሳችሁን ያዙልኝ። የዛሬው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ያለ ሞተር፣ ያለ ሪሞት ራሱን ችሎ ይንሳፈፍ። ሞተሩና ሪሞቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ሪሞት ደኅና አድርጎ የሚበርን አውሮፕላን ይመራል እንጂ ሚዛን የሌለውን አያበርም። መጀመሪያ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ይታዘዝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ቅደም ተከተል የበረራ ታሪክ ራሱ ነው የሚያስተምረን። እ.ኤ.አ. በ1871 አልፎንስ ፔኖ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ፣ በቱይለሪ የአትክልት ሥፍራ፣ አንዲት ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ለሰው አሳየ። ፕሮፔለሯን የሚያዞረው የተጠማዘዘ ላስቲክ ነበር። 11 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ቆይታ 40 ሜትር ገደማ ተጓዘች።

ልብ በሉ፣ በጉዞዋ ላይ የመራት ሰው አልነበረም። ታዲያ እንዴት ሳትገለበጥ ሄደች? የክንፎቿ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉ ነበሩ። ከኋላ ደግሞ ትንሽ ጭራ ነበራት። ወደ ጎን ስታዘነብል ክንፏ፣ አፍንጫዋ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ጭራዋ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ፔኖ ሚዛኑን በቅርጿ ውስጥ አስቀምጦላታል።

የሬዲዮው ትእዛዝ የመጣው ስድሳ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች፣ በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ፣ «ጋፍ» ብለው የሰየሙትን ሞዴል በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ። ያ አውሮፕላን ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ተቀምጧል። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? በፊት ሚዛን፣ ኋላ ሬዲዮ።

በእኛም አገር አውሮፕላን መሥራት አዲስ ወሬ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርታ በርራለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ወስደዋት ኖሮ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ተመልሳለች። እሷ ሰው የምትጭን ነበረች። የኛዋ ባትሪና ሽቦ ብቻ ነው የምትጭነው። አየሩ ግን ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ክንፍ እንዴት ያነሳል? አንድ ሙከራ እንሥራ። ነፋስ ባለበት ቀን ደጅ ውጡና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በሁለት እጃችሁ አግድም ያዙ። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ። መጀመሪያ ደብተሩን ጠፍጣፋ አድርጉት። ምን ይሰማችኋል? እምብዛም ምንም። አሁን ወደ ነፋሱ የዞረውን ጠርዝ ትንሽ ብቻ ቀና አድርጉት።

(ፋታ)

ደብተሩ ወደ ላይ ሲገፋ ይሰማችኋል። የሚመጣውን አየር ወደ ታች እየመለሰው ነው፤ አየሩም በአጸፋው ደብተሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። የክንፍ ሥራ ይኸው ነው፤ አየርን ወደ ታች ይልካል፣ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል።

አሁን ደግሞ ጠርዙን በጣም ቀና አድርጉት። ምን ሆነ? ወደ ላይ መነሳቱ ቀረና ወደ ኋላ ይገፋችሁ ጀመር። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ላይ ይላቀቃል፤ የማንሳት ኃይሉም ድንገት ይወድቃል። አብራሪዎች ይህን «ስቶል» ይሉታል። ጀማሪ የሠራው ሞዴል ብዙ ጊዜ መሬት የሚመታው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ቃሉን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

እንድገመው። ትንሽ ቀና ማለት ያነሳል። ብዙ ቀና ማለት ይጥላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ እንቅረብ። ከምን እንሥራ? የድሮ ሞዴል ሠሪዎች ባልሳ የሚባለውን በጣም ቀላል እንጨት ይመርጡ ነበር። እኛ ዘንድ ባልሳ በቀላሉ ስለማይገኝ ፎም ይበቃናል። የሥዕልና የማስታወቂያ ሥራ ላይ የሚውለው ባለ ወረቀት ፎም ቦርድ ቢገኝ ጥሩ ነው። ባይገኝ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም አለ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የተጣለ ዕቃ በሠሪ ዓይን ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ከፎሙ ሌላ ስለታም መቁረጫ፣ ማስመሪያ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ የሚቀልጥ ሙጫ፣ ጥቂት የቀርከሃ ስንጥርና ጠንካራ ላስቲክ አዘጋጁ። ሙጫ ስትገዙ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ፎም ይበላል። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክሩት። ልጆች ሲቆርጡ ደግሞ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

አሁን ልኩን ጻፉ። ቁጥር አላበዛባችሁም፤ አንድ ቁጥር ከያዛችሁ ሌላው ከእሱ ይወጣል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ይሁን። ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር። የአውሮፕላኑ አካል ርዝመት የክንፉን ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር። የጭራው አግዳሚ ክፍል የገጽ ስፋት የክንፉን የገጽ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል፤ 40 በ9 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ትልቅ ወይም ትንሽ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ቁጥሩ ይለወጣል፤ ዝምድናው ግን አይለወጥም።

ከክንፉ እንጀምር። ግማሽ ክንፍ ለአንድ ጎን፣ ግማሽ ለሌላው ቁረጡ፤ ፎሙ ስለሚታጠፍ የክንፉን ስፋት እጥፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ፎሙን በመሃሉ እጠፉት፤ እጥፉ የክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ይሆናል። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ከፊተኛው ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የፎም ቁራጭ በክንፉ ርዝመት ለጥፉ። ቀርከሃ ጨምሩበት። ይህ የክንፉ አጥንት ነው። አሁን ዝጉት። ከታች ለጥ ያለ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ክንፍ አገኛችሁ። የላይኛው ገጽ ስለሚጎብጥ በመቁረጥ ጊዜ ትንሽ ረዘም አድርጉት።

ጥያቄ። ሁለቱን ግማሾች ስናጋጥማቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ እናድርጋቸው?

(ፋታ)

አይደለም። የፔኖን ሞዴል አስታውሱ። እያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ከመሃሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ለምን? አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ወደዚያው ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለው ቀኝ ክንፍ አየሩን በተሻለ ማዕዘን ስለሚያገኘው የበለጠ ያነሳል፤ አውሮፕላኑም ወደ ቀጥታው ይመለሳል። የምታርመው እጅ የለችም፤ ቅርጹ ራሱ ያርማል።

አካሉ ረዘም ያለ ባዶ የፎም ሳጥን ነው። ክንፉ ሳጥኑ ላይ፣ ከአናቱ ይቀመጣል፤ ክንፉ ከላይ ሲሆን ክብደቱ ከታች ይንጠለጠላል፣ ለጀማሪም ረጋ ያለ ይሆናል። የክንፉን ፊተኛ ጠርዝ ከኋለኛው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀና አድርጉት። በሙጫ አትለጥፉት፤ በላስቲክ እሰሩት። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ላስቲኩ ክንፉን ይለቀዋል፤ ክንፉም ከመሰበር ይድናል።

የጭራው አግዳሚ ክፍልና ቋሚው ክፍል ከኋላ ይለጠፋሉ። ሁለቱም ከክንፉ ጋር ልክ መሆናቸውን ከፊት ቆማችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። አግዳሚው ከክንፉ ጋር ትይዩ ነው? ቋሚው ቀጥ ብሎ ቆሟል? ጠምዘዝ ያለ ጭራ ሜዳ ላይ ቀን ሙሉ ያለፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የዛሬው ትምህርት እምብርት ላይ ደርሰናል፤ ሚዛን።

አህያ የጫነ ገበሬ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ አህያዋ አትራመድለትም፤ ወደ ፊት ካዘነበለም ትደፋለች። ጭነቱን አይቀንስም፤ ቦታውን ነው የሚያስተካክለው። በአውሮፕላንም ዋናው ጥያቄ ክብደቱ የት ላይ አረፈ የሚለው ነው።

የት ይረፍ? ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ጀምራችሁ፣ የክንፉን ስፋት አንድ አራተኛ ወይም ትንሽ አለፍ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። የኛ ክንፍ 18 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ምልክቱ ከፊት ከ4.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። በክንፉ ሆድ፣ ግራና ቀኝ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁለት ጣታችሁን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ አውሮፕላኑን አንሱት።

አፍንጫው ትንሽ ብቻ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከቆመ መልካም። ጭራው ከወደቀ ከፊት ክብደት ያስፈልጋል። ለአሁኑ ሞተርና ባትሪ ስለሌለ፣ በእነሱ ፋንታ አፍንጫው ውስጥ ጠጠር ወይም ሳንቲም በፕላስተር ያዙ።

አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ሰነፍ ይሆናል፤ ግን ይበራል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ግን ከእጅ ሲወጣ አፍንጫውን ይሰቅላል፤ ስቶል ያደርጋል፤ ይወድቃል። ሪሞት ይዛችሁም ብትሆኑ ልትደርሱበት አትችሉም። ስለዚህ ብትጠራጠሩ ወደ አፍንጫው አድሉ።

ቀጥሎ የመንሳፈፍ ሙከራ ነው። ረጃጅም ሣር ያለበት ሜዳ ፈልጉ። ጧት፣ ነፋሱ ሳይበረታ ሂዱ። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ። አውሮፕላኑን ከክንፉ ሥር ይዛችሁ፣ አፍንጫውን ከአድማሱ በትንሹ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥ ባለ እጅ ወደ ፊት ልቀቁት። ወደ ሰማይ አትወርውሩት፤ ወደ ፊት ልቀቁት።

(የነፋስ ድምፅ፤ አጭር)

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ አፍንጫውን ደፍቶ ሣሩ ውስጥ ከገባ ከፊት ያለውን ክብደት ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ቆም ብሎ፣ ከወደቀ ጭራው ከብዷል፤ ክብደቱን ወደ ፊት ግፉ። ሦስተኛ፣ እንደተለቀቀ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሆዱ ሣሩ ላይ ካረፈ፣ ተሳክቷል ማለት ነው።

ሲበላሽ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ክብደቱንም ጭራውንም አብራችሁ ከነካችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። የለወጣችሁትን ጻፉ፤ የሆነውንም ጻፉ። እንዲህ የሚሠራ ልጅ የሳይንስን ዘዴ በእጁ ይዞታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሞተሩና ሪሞቱ ይምጡ። ምን ምን ያስፈልገናል? አምስት ነገሮች። ሞተር ከፕሮፔለሩ ጋር። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ። ባትሪ። «ሰርቮ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ አንቀሳቃሾች። እና ሪሞቱ ከተቀባዩ ጋር።

የሥራ ሂደታቸው እንዲህ ነው። ጣታችሁ የሪሞቱን እጀታ ይገፋል። ሪሞቱ ትእዛዙን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ያደምጥና ለሰርቮው ይነግራል። ሰርቮው በቀጭን ሽቦ የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ይስባል። ጭራው አየሩን ይመልሳል፤ አውሮፕላኑም ይዞራል።

ለጀማሪ ሁለት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ይበቃሉ። በአግዳሚው ጭራ ላይ ያለው «ኤሌቬተር» አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በቋሚው ጭራ ላይ ያለው «ራደር» ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። ክንፎቹ ቀና ስላሉ ራደር ብቻውን አውሮፕላኑን አዘንብሎ ያዞረዋል።

ሁሉም ዕቃ ከገባ በኋላ ሚዛኑን እንደገና ለኩ! ጠጠሩ ወጥቶ ሞተሩና ባትሪው ተተክተዋልና። ባትሪው ከባዱ ዕቃ ስለሆነ ለሚዛን የሚያገለግለውም እሱ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ቦታ ተዉለት። ከዚያ አንዴ እንደገና፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ አንሳፍፉት።

ስለ ባትሪው ጥብቅ ምክር አለኝ። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ካልተያዘ ግን እሳት ያስነሳል። ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ሙሉት። እየተሞላ ሳለ ትታችሁት አትውጡ፤ አትተኙ። ያበጠ ወይም የተወጋ ባትሪ ዳግመኛ አይሞላም፤ አይበርበትምም።

ስለ ፕሮፔለሩም እንዲሁ። ጠረጴዛ ላይ ስትፈትሹ ፕሮፔለሩን አውልቁት። መጀመሪያ ሪሞቱ ይብራ፣ ቀጥሎ ባትሪው ይሰካ። ስትጨርሱ ባትሪው ይነቀል፣ ከዚያ ሪሞቱ ይጥፋ። ድገሙልኝ። ሲከፈት ሪሞት ይቀድማል። ሲዘጋ ሪሞት ይከተላል። አውሮፕላኑ አለቃ ሳይኖረው አንድ ሰከንድ እንኳ መንቃት የለበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ንድፎች የማይነግሯችሁ አንድ ጉዳይ አለ። የምትኖሩት የት ነው? ጎንደር? ደብረ ብርሃን? አዲስ አበባ? ወይስ ድሬዳዋና ሰመራ?

ለምን ጠየቅሁ? አየሩ አንድ ዓይነት ስላልሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ፣ ሞቅ ባለ ቀን ደግሞ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፋችን የሚኖረው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው ብለን ነበር። የሚገፋው አየር ካነሰ ምን ያድርግ?

(ፋታ)

ይፍጠን። ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር እየሄደ አየር ላይ መቆየት የሚችል ሞዴል፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር መጠጋት አለበት። ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል። ማረፊያው ይፈጥናል፤ የሚያስፈልገው ሜዳም ይረዝማል።

ስለዚህ የደጋ ሠሪ ሦስት ነገር ያስብ። አውሮፕላኑን ቀላል ያድርግ፤ የኛ ባለ 1 ሜትር ክንፍ ሁሉም ነገር ተገጥሞለት ከ600 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ክንፉን አይቆጥብ፤ ሰፋ ያለ ክንፍ ይሻላል። ሞተሩንም ኃይል የተረፈው ይምረጥ። ሙጫ በጠብታ እንጂ በክምር አይደረግ። ቀለምም ይቅር። በደጋ እያንዳንዱ ግራም በፍጥነት ይከፈላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሜዳው ከመውጣታችን በፊት ስለ ሕግ። በአገራችን በርቀት የሚታዘዙ በራሪ መሣሪያዎችን ማስገባትም ማብረርም ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ፣ ዘመድም ከውጭ ከመላኩ በፊት የሚመለከታቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጠይቁ። መምህራን ደግሞ በትምህርት ቤት ክበብ ስም ብትጠይቁ ለተማሪዎቻችሁ መንገድ ትከፍታላችሁ።

በአሜሪካ ለምትከታተሉን፣ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ሞዴል ለመዝናኛም ቢሆን መመዝገብ አለበት። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከመሬት 120 ሜትር የሚሆነው ከፍታ በተለመደው ሁኔታ የማይታለፍ ወሰን ነው። የትም አገር ብትሆኑ ከአየር ማረፊያ፣ ከሰው ስብስብና ከመብራት መስመር ራቁ።

ፈቃድ እስኪገኝስ ሥራ እንፈታለን? በፍጹም! ያለ ሞተር፣ ያለ ሬዲዮ የሚንሳፈፈው አውሮፕላን አብዛኛውን ትምህርት ይዞታል።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው በረራ እንዴት ይሁን? ከመወርወሩ በፊት ወደ ቀኝ እዘዙ፤ ራደሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ዞረ? እጀታውን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ተነሳ? ይህ ፍተሻ በየበረራው ይደረግ። ከዚያ አንድ ሰው ይወርውር፣ ሌላው ሪሞቱን ይያዝ።

ከፍታ እስክታገኙ በቀስታ ውጡ፤ አፍንጫውን አትስቀሉ። መዞር ሰፋ ይበል። እጀታውን በጥቂቱ ነክታችሁ ልቀቁት። ግራ ከተጋባችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ሞተሩን ቀንሱ። በደንብ የተመጣጠነ አውሮፕላን ከፍታ ካለው ራሱን ያስተካክላል። ለመንሳፈፉ ያን ያህል የደከምነው ለዚህች ቅጽበት ነው።

አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆንባችኋል። ምን ይደረግ? ዝቅ ያለው ክንፍ በየት በኩል እንደሆነ እዩና እጀታውን ወደዚያው ግፉ። ክንፉን ከሥር ገብታችሁ እንደምትደግፉት አስቡ። ይህን ከለመዳችሁ ብዙ አውሮፕላን ታድናላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀላልነትና ሚዛን የት ድረስ ይወስዳሉ? ሜይናርድ ሂል የተባለ አሜሪካዊ ሞዴል ሠሪ ዕድሜው የሰባዎቹን አጋማሽ አልፎ፣ ዓይኑም ጆሮውም ደክሞ ሳለ፣ ከባልሳ እንጨት ሞዴል አውሮፕላን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፕላኑ ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ፣ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ፣ አየርላንድ አረፈ። ወደ 39 ሰዓት በረረ። ክብደቱ ከነነዳጁ 5 ኪሎ ግራም አይሞላም ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ባሕር ዳር የመራው አነስተኛ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነበር፤ ያ መሣሪያ ሊመራው የቻለው ግን ከሥሩ የተመጣጠነ አውሮፕላን ስለተሰጠው ነው።

አሁን በመጀመሪያ ለጠየቅኋችሁ ጥያቄ መልስ እንስጥ። አየር ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? ክንፉና ሚዛኑ። ሞተሩ ፍጥነት ይሰጠዋል። ሪሞቱ አቅጣጫ ይሰጠዋል።

እስኪ አብረን እንከልስ። የክንፍ ጫፎች ለምን ቀና ይላሉ? አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ራሱን እንዲያርም። ክብደቱ የት ይረፍ? ከክንፉ ስፋት አንድ አራተኛ ገደማ ላይ። ጭራው ከከበደስ? አይበርም። ሲከፈት የሚቀድመው? ሪሞቱ። ደጋ ላይ የሚበልጠው? ቀላሉ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ እነሆ። ሞተርም ሪሞትም አትፈልጉ። ያልኳችሁን ልክ በግማሽ ቀንሳችሁ፣ ክንፉ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ ከማሸጊያ ፎም ሥሩ። ትንሽ ስለሆነ ክንፉን ሳታጥፉ ከአንድ ሉህ መቁረጥ ይበቃችኋል። ክብደቱን በሳንቲም አስተካክሉ። የሄደበትን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ሳንቲሙን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። መምህራን፣ ክፍሉን በቡድን ከፋፍላችሁ ብታወዳድሩ አንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በደስታ ያልፋል። ወላጆች፣ ልጁ ሲወድቅበት «ተሰበረ» ብላችሁ አትለፉት፤ «ወዴት በኩል ወደቀ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ምን ማስተካከል እንዳለበት ይነግረዋል።

ውጤታችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ መርጠን እናነባለን፤ የተቸገራችሁበትንም አብረን እንፈታለን። እስከዚያው መጀመሪያ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ ይታዘዝ። ደኅና ሁኑ፤ መልካም ሥራ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል)